በዓሣው ውሃ የዘፈዘፍኩት እጄ

ዓሣ ማየት መንፈስን ያረጋጋል ይባላል። አያረጋጋም። እኔን በአንድ ክረምት ያስረጀኝ ርዝመቱ ጣቴን የማያክል ዓሣ ነው።

የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አሰላ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ምጽዋ የሚሠራ ወንድሜ የመስታወት ሳጥን፣ በጀሪካን የባሕር ውሃ፣ ኮራል የሚባል ጥቂት ሻካራ የባሕር ድንጋይና ያን ዓሣ ይዞልኝ መጣ። ዓሣው ሳጥኑ ወለል ላይ ካለው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ይውላል። ደረቅ ምግብ አይነካም፤ ከድንጋዩ ላይ የሚሳቡትን ደቃቅ ነፍሳት ብቻ ይለቅማል። የአሰላ ብርድ እንዳይገድለው ውሃውን በኤሌክትሪክ አሞቅ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ።

አንድ ቀን ድንጋዩ ተንሸራቶ ዓሣውን ሊጫነው ሲል እጄን ሰደድኩ። ኮራሉ የቀኝ እጄን አመልካች ጣት ቧጨረው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ላይ ቀላ ያለ ጠንካራ እብጠት ወጣ። አያመኝም።

ጎረቤቴ ሐጂ ቃሲም ሱቃቸው በር ላይ ሆነው አዩት። «ለብ ባለ ጨው ውሃ ዘፍዝፈው፤ ያደርቀዋል» አሉኝ።

«ጨው ውሃማ ቤቴ ሞልቷል።»

«ወላሂ፣ ያ ዓሣህ ገና ዛሬ ጠቀመህ» ብለው ሳቁ።

ምክራቸው ክፉ አልነበረም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለብ ያለ ጨው ውሃ ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሌላ አፍልቶ ጨው መበጥበጥ ታከተኝ። በየጠዋቱ እጄን እስከ ክርኔ ሳጥኑ ውስጥ ነክሬ ጋዜጣ አነብ ጀመር።

እብጠቱ ፈረጠ። ሁለተኛ እብጠት የእጄ አንጓ ላይ ወጣ። ከዚያ ሦስተኛው። በክንዴ ላይ ተሰልፈው ሽቅብ ይወጡ ነበር።

ማንበብ ብልህ ያደርጋል የሚሉም አሉ። እኔ አንድ አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ አገላብጬ፣ የሥጋ ደዌ ነው ብዬ በራሴ ላይ ፈረድኩ። ይግባኝም አላልኩም። ክንዴን በፋሻ ጠቀለልኩ። ከባለቤቴ ከየሺ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተውኩ። ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ ፊቴን አዞርኩ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። በዚያ በሽታ የተጠረጠረ ሰው ከተማችን ውስጥ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። ፈራሁ። በሽታው ቆዳን ያደነዝዛል ስለሚል መጽሐፉ፣ ክንዴን በመርፌ እወጋ ነበር። ካመመኝ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ እጠራጠራለሁ።

አንድ እሑድ የሺ መርፌውን እንደያዝኩ ደረሰችብኝ።

«ሳህንህን ስትለይ እኮ ሌላ ሴት መስሎኝ ነበር» አለች። ፋሻውን ፈታችው። አልሸሸችም። «ነገ ሆስፒታል ነን። አብሬህ እገባለሁ፤ አንተ ለሐኪም እውነት አትናገርም።»

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ከብት ያርዳሉ? እርሻ ይሠራሉ?» አለኝ። ጸሐፊ ነኝ አልኩ። ስለ ዓሣው መናገር አፈርኩ። የሺ አላፈረችም።

«ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት እጁን ዓሣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን ሳይነግሩኝ ሊወጡ ነበር?»

ባዮፕሲ ለሚሉት ምርመራ ከእብጠቱ ቁራሽ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ። ጠበቅን። አልተኛሁም። አልበላሁም።

«የሥጋ ደዌ አይደለም» አለኝ ውጤቱ ሲመጣ። «ቢሆን ኖሮም መድኃኒት አለው። ይህን ያመጣው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ተሕዋስ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ዘመድ ነው። ዓሣ ባለበት ውሃ ይኖራል፣ በጭረት ይገባል። ከእርስዎ ወደ ባለቤትዎ አይተላለፍም።»

ቴትራሳይክሊን የሚባል ክኒን ለወራት ዋጥኩ፤ ወተት መድኃኒቱን ስለሚያዳክመው በተጋበዝኩበት ቤት ሁሉ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ሐጂ ቃሲምም «ወተት የማይጠጣ ሰው አርሲ ምን ይሠራል?» እያሉ ቆይተው ከተረዱኝ በኋላ ሻይ ያዘጋጁልኝ ጀመር። እብጠቶቹ ክረምቱ አልፎ ገብሱ እስኪታጨድ ድረስ በዝግታ እየሟሸሹ ሄደው ጠባሳ ብቻ ቀረ፤ ዓሣውም አልሞተም፣ ከዚያ በኋላ ግን ድንጋዩን የማነሳው የሺ ባመጣችልኝ ረጅም የጎማ ጓንት ነበር።

ክንዴን ያተረፉልኝ ሐኪሙና የሺ ናቸው፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ዓሣ የምታረባ ከሆነ በተቧጨረ እጅ ውሃውን አትንካ፤ ለሐኪምም ሳትጠየቅ ተናገር። ይህን የምታነበው ግን ክንድህን ሸፍነህ፣ ሳህንህን ለይተህ ከሆነ፣ ንባቡን እዚህ ላይ አቁም። ፋሻውን ፍታና አብሮህ ለሚኖረው ሰው አሁኑኑ አሳየው።