ደረሰ እስኪባል አይጠረግም

አቧራ ላይ ውኃ ሲረጭ የሚነሣው ሽታ ፈቃዴን ሳይጠይቅ ወደ ልጅነቴ ጎትቶ የወሰደኝ ባለፈው ዒድ ማግስት፣ ከሚሴ ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ መጥረጊያ ይዤ ጎንበስ ባልሁበት ጧት ነው። ያደግሁበት ግቢ ውስጥ የእህቴ የሰዓዳ ልጅ በቀን የሚከራይ ቤት ሠርቷል፤ ዒዱን ለማክበር ከልጆቼና ከልጅ ልጆቼ ጋር ከአዲስ አበባ ስንመጣ የሰዓዳ ቤት ስላልበቃን እዚያ አረፍን፣ ማለትም እትብቴ የተቀበረበት ቦታ ላይ ተከራይ ሆንሁ። ልንሄድ ስንል የሰዓዳ ምራት ሐያት እያፈረች መጥታ፣ እንግዳ ሁሉ ሲወጣ እንደሚያደርገው አንሶላውን ገፈን እንድናስቀምጥ፣ የበላንበትን ዕቃ እንድናጥብ፣ ቆሻሻውን አውጥተን ቤቱን ጠረግ ጠረግ እንድናደርግ ለመነችን፤ ከሰዓት ሌሎች እንግዶች ይገባሉ። ልጆቼ ሥራውን ሲከፋፈሉ ለእኔ መጥረጊያው ደረሰኝ። እኔም እንደ ድሮው በጣቴ ውኃ ረጨት ረጨት ሳደርግ ለካ ወለሉ ሴራሚክ ኖሯል፣ የልጅ ልጄም «አባባ፣ ልትወድቅ ነው፣ ይኼ አፈር አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ። ጥቂት ጠብታ ግን ከደፉ አልፎ ደጁ ላይ ወድቆ ያ ሽታ ተነሣ፣ እኔም መጥረጊያዬን እንደ ከዘራ ተደግፌ ቀረሁ።

እናታችን ፋጤ በዚያው ግቢ በመንገዱ በኩል ሁለት ክፍል የእንግዳ ማሳደሪያ ነበራት። ወደ ደሴ የሚወጡ ሾፌሮች፣ ወደ ጨፋ ሮቢት ከብት ሊገዙ የሚወርዱ ነጋዴዎች፣ ጉዳይ ይዘው የመጡ ባላገሮች ያድሩባት ነበር። በንጽሕና ነገር ርኅራኄ አልነበራትም፤ ከፍሎ ያደረ ሰው ሲወጣ ሰሌኑን አውጥቶ እንዲያራግፍ፣ ብርድ ልብሱን እንዲያጥፍ፣ የታጠበበትን ውኃ ሎሚው ዛፍ ሥር እንዲደፋ፣ ሻሂ የጠጣበትን ብርጭቆ እንዲያለቀልቅና የተኛበትን ጠርጎ እንዲሄድ ታዘው ነበር፣ ፊቷን ያየ ሁሉ ደግሞ እሺ ይል ነበር፣ በየመንገዱ ሲሳደብ የሚውል ሾፌር እንኳ መጥረጊያ ይዞ ጎንበስ ሲል አይቻለሁ። ጠርጎ ሲጨርስ በኦሮምኛ «ነጋን ገላ» ብላ፣ በሰላም ግቡ ብላ ትሸኘውና ብዙ ሳይርቅ ሌላ እንግዳ ታስገባበት ነበር።

ለዘመድ ግን ሕጉ የተገላቢጦሽ ነበር። አጎትም ሆነ አክስት፣ ከባቲም ይምጣ ከሰንበቴ፣ ዘመድ የሆነ ሰው ሊሄድ ሲነሣ መጥረጊያ አይነካም ነበር፤ የተኛበት እንደ ተዘበራረቀ፣ የጠጣበት ብርጭቆ ከነዝቃጩ መስኮት ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ደህና ደረሰ የሚል ወሬ እስኪመጣ ክፍሉ ተዘግቶ ይቆይ ነበር። በመንገደኛ ላይ ቤት መጥረግ ዱካውን መጥረግ ነው፣ መመለሻው ይጠፋዋል ትለን ነበር። ወሬውን የሚያመጡት ሾፌሮች ነበሩ፤ አንዱ ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «ፋጤ፣ ወንድምሽ ባቲ ገብቷል» ብሎ ሲያልፍ እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ትልና ወደ እኔ ዞራ «በል ተነሣ» ትለኝ ነበር። ሰዓዳ ታላቄ ስለሆነች ውኃ መቅዳቱ የእሷ ነበርና የቤቱ ጠራጊ እኔ ነበርሁ፤ የሰፈሩ ልጆች «ሁሴን መጥረጊያው» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፣ ስሙም ሚስት እስካገባ አልለቀቀኝም። ከልቤ ዱዓ ማድረግን የተማርሁት በዚህ ነው፤ መንገደኛውን ደህና አድርሰው፣ ወሬውን ግን አዘግይልኝ እያልሁ።

አባታችን እንድሪስ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር ነበር። መጣሁ ለማለት ገና ከከተማው ጫፍ ጡሩምባውን ሲነፋ ዶሮዎቹ እንኳ ያውቁት ነበር። መኪናውን በመስኮት እያየ መተኛት ስለሚወድ ሲመጣ የሚያድረው ከእንግዳ ክፍሎቹ በትልቁ ነበር፤ ያም ሆኖ ከዘመድ ሁሉ የባሰ ዘመድ ነበር፣ ምክንያቱም ከሁሉ የባሰ ያቆሽሽ ነበር። ከአሰብ ያመጣውን ተምር አልጋው ላይ ተጋድሞ እየበላ ፍሬውን ወደ ግድግዳው ይወረውራል፣ የሲጋራ ቁራጩን ብርጭቆ ውስጥ ያጠፋል፣ የመኪና ዘይት በነካው እጁ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል። ያቺ ለማንም የማትመለስ ሴት ይኼን እያየች አንድ ቃል አትናገርም ነበር፤ እንዲያውም ሄዶ ደረሰ እስኪባል በሩን ገርበብ አድርጋ ያንን ትርምስምስ ቆማ ስታየው አገኛት ነበር፣ እኔ ተምር የተረፈ መስሎኝ በብብቷ ሥር አንገቴን ሳሾልክ።

ክረምት ሲገባ ቦርከና ሞልቶ የጨፋ ሜዳ ውኃ ብቻ ሲሆን፣ መንገዱም ተበላሽቶ መኪናዎች ሲቆሙ፣ አባቴ ከእኛ ጋር ይታሰር ነበር። ሌላው ሰው ዝናቡ እንዲያባራ ሲለምን እኛ ቤት እንዲጨምር ይለመን ነበር። እኔ ከጎኑ ተኝቼ ስለ ባሕር እጠይቀው ነበር፣ እሱም ከቦርከና ይበልጣል ወይ ስለው፣ አዎ፣ ትንሽ ይበልጣል እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ማሽላው ታጭዶ የጨፋ ሸለቆ ገለባ ገለባ መሽተት ሲጀምር አመጣጡ እየራቀ ሄደ። ጎረቤት አሰብ ላይ ሚስት አግብቷል ማለት ጀመረ፤ እናቴም ሰማች። ዕንባ የሚጠብቁ ሴቶች ሊያጽናኗት ሲመጡ «ዲኑ ፈቅዶለታል፤ መንገዱን ብቻ አይርሳ» ብላ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራቷን ትቀጥል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የመኪና ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር የያዘችውን ሥራ ታቆም ነበር።

በጋው ገፍቶ አቧራው ሲበረታ አንድ ቀን አባቴ መጥቶ አደረ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና እናቴ በጧት ወጣች፣ እሱም ቀትር ላይ እነሣለሁ፣ ሳልሄድ ትደርሻለሽ ብሏት ነበር። ፀሐይዋ ሳትከር ግን እኔና ሰዓዳ ደጅ እየተጫወትን ሳለን አባታችን መጥረጊያ ይዞ አየነው። እንደ እሱ ያለ ጠራጊ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም፤ መጥረጊያውን እንደ መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ውኃውን አብዝቶ ወለሉን ጭቃ አድርጎ፣ ከበር ጀምሮ ወደ ውስጥ ይጠርግ ነበር። እኔ በሳቅ ተንከባለልሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ብርድ ልብሱን አራት ማዕዘን አድርጎ አጠፈ፣ ብርጭቆውን አጥቦ መስኮቱ ላይ በአፉ ደፋው፣ ጥራጊውን ካርቶን ላይ ሰብስቦ ወጣና ግቢውን ግራ ቀኝ ተመለከተ።

«ሁሴን፣ ይኼ የት ነው የሚደፋው?» አለኝ።

በዚያ ግቢ ስንት ዓመት የኖረ ሰው ነበር። እኔ ግን የሚጠየቅ ሰው መሆኔ አኩርቶኝ ደረቴን ነፍቼ «ሎሚው ሥር» ብዬ አሳየሁት። ደፍቶ እጁን አራገፈና እኔን ራሴን ዳበስ አድርጎ፣ የሰዓዳን ግንባር ስሞ፣ መኪናውን አስነሥቶ በደሴ በኩል ሄደ። ጡሩምባውን አልነፋም። ያን ቀን ከከሚሴ ልጆች እንደ እኔ ደስ ያለው አልነበረም፤ ሥራዬን አባቴ ሠርቶልኝ ሄዷላ።

እናቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትመለስ የመኪናውን ባዶ ቦታ አይታ ፈጠን ብላ ወደ ክፍሉ ሄደችና በሩ ላይ ቆመች።

«ማነው የጠረገው?»

«አባ ነው» አልኋት፣ ምርቃት እየጠበቅሁ።

«ራሱ?»

«ራሱ። ብርጭቆውንም አጥቧል።»

ዘንቢሉን ሳታስቀምጥ የታጠፈውን ብርድ ልብስ፣ በአፉ የተደፋውን ብርጭቆ ተራ በተራ አየች። ከዚያ «እንደ እንግዳ» አለች፣ ለእኛ ሳይሆን ለቤቱ እንደምትናገር ሆና። ሰዓዳ ገብቷት ነበር መሰለኝ እጄን ያዘችኝ፤ እኔ የገባኝ ነገር አልነበረም። እናቴ ሰፌድ አምጥታ ሎሚው ሥር ቁጢጥ አለችና ዶሮዎቹን እሽ እያለች የተምሩን ፍሬ፣ የሲጋራውን ቁራጭ፣ እርጥቡን አቧራ በእጇ ለቅማ ሰፌዱ ላይ አደረገች። ይዛውም ገብታ ወለሉ ላይ መልሳ በተነችው። የተምሩን ፍሬ በጣቷ እየገፋች አልጋው ሥር አስገባችው፣ ብርድ ልብሱን ፈታ ጨመደደችው፣ ብርጭቆውን አቃናችው፣ በመጨረሻም በሩን ገርበብ አድርጋ ወጥታ እጇን ታጠበች። እስከዚያ ቀን ድረስ በግቢያችን የተጠረገ ቤት በማቆሸሽ እኔን የሚወዳደር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሾፌር ሲያልፍ፣ እንድሪስ አሰብ ደህና ገብቷል አለ። እኔ ዱዓዬ አልሰመረም ብዬ መጥረጊያ ፍለጋ ተነሣሁ፣ እናቴ ግን በል ተነሣ አላለችኝም። ሰዓዳ ቀስ ብላ ጠጋ አለቻት።

«እማ፣ ደርሷል እኮ። አሰብ ገብቷል።»

«እኔ የምጠብቀው እዚህ መድረሱን ነው» አለቻት።

በልግ መጥቶ ያ ክፍል እንደ ተዘጋ ነበር። ነጋዴዎች በትንሹ ክፍል ተጨናንቀው እያደሩ ትልቁን ስጪን ሲሏት ሰው አለበት ትላቸው ነበር። ሰው የለበትም እኮ ያላት አንድ ጨዋታ ወዳጅ የከብት ነጋዴ ሳይቀር ፊቷን አይቶ ወደ ትንሹ ክፍል ተመለሰ። ክረምቱ ገባ፣ ቦርከና ሞላ፣ መንገዱ ተበላሸ፣ ከታሰሩት መኪናዎች ውስጥ ግን የእሱ አልነበረም። እኔ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማሁ፣ አሁን እንኳ ቢጨምር ምን ያደርግልናል እያልሁ እተኛ ነበር።

ውኃው ጎድሎ የጨፋ ሣር ሲያብብ የአባቴ ባልንጀራ አያ ሙሄ፣ እሱም የአሰብ መንገድ ሾፌር፣ መኪናውን አቁሞ ወደ እኛ መጣ። ግባ ሲባል እንቢ ብሎ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ሻሂ ሳይጠጣ ብርጭቆውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ እንድሪስ ከእንግዲህ ሥራው ወደቡ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ እዚያም ልጅ እንደ ተወለደለት፣ ይቅር ትበለኝ ብሎ እንደ ላከው ወደ መሬት እያየ ነገራት።

«ጤናው ደህና ነው?» አለች እናቴ።

«ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «በል ተነሣ።»

ተነሣሁ። ውኃ ረጨሁ፣ ከወራት አቧራ ላይ ያ ሽታ ተነሣ፣ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልለግም ጥግ ጥጉን፣ አልጋው ሥር ድረስ በደረቴ ተስቤ ገብቼ ጠረግሁ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። የተምሩን ፍሬ ሎሚው ሥር ደፋሁት፤ ይኼ የተፈጠረ ወግ ቢሆን ኖሮ እዚያ ዘንባባ ይበቅል ነበር፣ እኛ ግቢ ግን ከዚያ ወዲህ ከወባ ትንኝ በቀር የበቀለ ነገር የለም። በዚያው ቀን እናቴ ክፍሉን ለእንግዳ ሰጠችው። ኋላ አሰብ ሌላ አገር ሆና መንገዱ ሲዘጋ ወሬውም አብሮ ተዘጋ፤ እናቴ እስክትሞት ስሙን በክፉ አንሥታ አታውቅም፣ የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ ግን እጇ እንደ ቆመ ኖረ።

ይኼን ሁሉ እያሰብሁ መጥረጊያውን ተደግፌ ስቆም ሰዓዳ በምርኩዟ እየተረዳች ልትሰናበተን መጣች። ለሐያት መታዘዜን፣ ተከራይ ተከራይ መሆኑን ልነግራትና ላሾፍ ስል መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችው።

«አንተ አትጥረግ» አለች።

«ሌላ እንግዳ ሊገባ ነው አሉ።»

«ሌላ ቦታ ይደሩ። ደረሰ ሲሉኝ አስጠርገዋለሁ።»

ልጆቼ ተያዩ፤ ሐያትም አማቷን አየችና አንሶላውን መልሳ አልጋው ላይ ጣለችው። እኔ ሻሂ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ከነዝቃጩ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ድሮ መንገደኛ ደረሰ የሚለው ወሬ በሾፌር አፍ ተጭኖ እስኪመጣ ቤቱ ሰውየውን ይዞት ይቆይ ነበር፤ ዛሬ መንገዱ ቢረዝምም ወሬው አይረዝምም፣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ መድረሱ ይታወቃል፣ ቤቱም ወዲያው ይጠረጋል። አዲስ አበባ ገብቼ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ፣ የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ከፍተው ሲጯጯሁ ሰዓዳ ደወለች።

«ደረስህ?» አለችኝ።

ያ ለጋሚ ልጅ ከሆዴ ሳይወጣ አርጅቻለሁና «ገና ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አልኋት።

የቴሌቪዥኑ ጩኸት እሷም ዘንድ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

«እሺ» አለች። «ቀስ ብለህ ድረስ።»