ዋስ የተጠራበት ፎቶ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ፈንታሁን ቤት ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ዋስ የሆኑበት ነገር ባለቤቱ ተቀየረ» አልኋቸው።

በር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስሩ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«የትኛው? እኔ የስንቱ ዋስ ነኝ።»

«የአያ ደምሴ ፎቶ።»

አሁን ቀና አሉ...

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶዎቼን የማኖረው በርካሽ ዋጋ ለሁሉም በሚሸጥ አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ነው። ማስታወቂያ ሠሪውም አሳታሚውም ከዚያ ይገዛል፤ ለእኔም ደመወዜን የምደጉምበት ድርሻ ይደርሰኛል። ከሁሉም በላይ የሚሸጠው፣ የየጁቤው ገበሬ አያ ደምሴ አውድማ ላይ ቆመው ሲስቁ ያነሳሁት ነው።

ድረ ገጹ ፊቱ የሚታይ ሰው ፈቃዱን በፊርማ እንዲሰጥ ይጠይቃል። አያ ደምሴ ያን ጊዜ ብዕሩን ተቀብለው፣ «ያለ ዋስ አልፈርምም» አሉ። በእኛ አገር በሬ እንኳ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፤ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይጠየቃል። «መልኬ ለማጭበርበሪያ እንዳይውል ማን ይዋሰኛል?» ሲሉ፣ አብረውኝ የነበሩት የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ፈንታሁን «እኔ» አሉ። የድረ ገጹ ውልም እንዲህ ያለውን አጠቃቀም ይከለክል ስለነበር፣ የሚያሰጋ ነገር አልታየኝም።

በቅርቡ ግን ድረ ገጹን አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ ገዛው። አዲሱን ውል ቃል በቃል አነበብሁት። ድርሻችን ይቀንሳል። ፎቶዎቹ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠለጥንባቸዋል። ፎቶ የገዛ ሰው የተነሳውን ሰው ፊት እንደ ፈለገ ለውጦ፣ ለፈለገው ማስታወቂያ ሊያውለው ይችላል። ዝም ያለ ደግሞ እንደ ተስማማ ይቆጠራል።

ይህንኑ ለጋሽ ፈንታሁን ነገርኋቸው።

«ፈንድ ማለት ምንድን ነው?»

«የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ፣ ተበድሮም ጨምሮ ድርጅት ይገዛል። ብድሩን የሚከፍለው የተገዛው ድርጅት ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ይቀነሳል፣ የእኛ ድርሻ ይቀነሳል፤ ከዚያ ለሌላ ይሸጣል።»

«ፎቶ ይወዳሉ?»

«ግድ የሚሰጣቸው አይመስለኝም።»

የጫማቸውን ማሰሪያ አጠበቁ።

«እንግዲያ ለማላውቀው ሰው ዋስ ሆኜ ልቀመጥ ነው? ከዋስነት አውርጂኝ።»

እዚያው ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ላጠፋ ስል እጄን ያዙኝ። ዋስ የሚወርደው ዋስ የጠራው ሰው ባለበት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም አሉ። ተነሳን።

የጁቤ ገበያ ቆሞ ነበር። አያ ደምሴን ከእህል ተራው አጠገብ አገኘናቸው። በመንገድ ላይ የምናገረውን በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበርና ሳላሳጥር፣ ሳላለዝብ ተናገርሁ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር...

«ፊቴን ምን አድርገው ይለውጡታል?»

«የሌላ ሰው ጢም ሊቀጥሉበት ይችላሉ። ያልተናገሩትን ሊያናግሩዎትም ይችላሉ።»

«ባለቤቴ ሳልናገር የተናገርሁ ይመስላታል፤ ሌላ አናጋሪ አያስፈልገኝም።» ከዚያ ወደ ጋሽ ፈንታሁን ዞሩ። «አንተስ? ያን ዕለት ደረትህን ነፍተህ 'እኔ' ያልህ ሰው ነህ እኮ።»

«ለዚህች ልጅ ነው የተዋስሁት፤ ለፈንድ አይደለም።»

«ጃኬቴን ልልበስ ብያት እምቢ ያለችውም እሷ ናት። በአሮጌ ሸሚዝ አገር ላገር አዞረችኝ።»

ይህን ክስ አልተከላከልሁም፤ እውነት ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ማጥፊያው የት እንደ ተደበቀ፣ የቀድሞው ውልም ለቅቄ እንድወጣ እንደሚፈቅድልኝ ቀደም ብዬ አጣርቼ ነበር። ያላጣራሁት የየጁቤን ኔትወርክ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ቆመው፣ ክቡ ምልክት ሲሽከረከር በትዕግሥት ተመለከቱ። በመጨረሻ ፎቶው ጠፋ። ከድርሻዬ ትልቁም አብሮት ጠፋ።

ጋሽ ፈንታሁን ወደ አያ ደምሴ ዞረው፣ «በል፣ አውርደኝ» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። ግን እውነቱ ግማሽ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም።

«አያ ደምሴ፣ አንድ ነገር አለ። ከአሁን በኋላ ማንም አይገዛውም። እስከ ዛሬ የገዙት ግን በእጃቸው አለ። እሱን ማስመለስ አልችልም።»

 አያ ደምሴ እጃቸውን ጋሽ ፈንታሁን ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ከዛሬ ወዲህ ላለው አውርጄሃለሁ። ከዛሬ በፊት ለተሸጠው ግን እንደ ቆምህ ነህ።»

«ደምሴ...»

«ያ በአንተ ቃል የወጣ ነው። ማንን ልጠይቅ? ፈንዱን?»

 እኔም ያን ጊዜ፣ «የቀረውን እኔም አብሬ እዋሳለሁ። መልክዎ ያለ ቦታው ከታየ መጀመሪያ እኔን ይጠይቁ፤ የገዛውን ሰው ፈልጌ እከራከራለሁ» አልሁ። አያ ደምሴ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በየጁቤ ገበያ፣ ሰው እየሰማ፣ ዋስ ሆንሁ።

ስንመለስ ጋሽ ፈንታሁን በሚኒባሱ መስኮት እያዩ፣ «ልወርድ ሄጄ ሌላ ዋስ ጨምሬ መጣሁ» አሉ። አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ማምሻውን በድረ ገጹ ላይ ካሉት ፎቶዎቼ ፊታቸው የሚታይ ሌሎች ሰዎችን ለየሁ። አማኑኤል ከተማ የሚሸምኑት አሉ፤ ዲማ ገዳም የሚማሩት ተማሪዎችም አሉ። ሁሉም ደግ ሆነው፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ነው የፈረሙልኝ። ፎቶዎቻቸውን ከማጥፋቴ በፊት እያንዳንዳቸው ደጅ ሄጄ የሆነውን እነግራቸዋለሁ፤ የፊታችን ቅዳሜ ከአማኑኤል እጀምራለሁ።

ዋስ የጠራውስ ዋሱን ልኮ ያስጠራኛል... ያልጠራው ማንን ይላክብኝ?