እምቢ ማለት ያቃታቸው አባት

ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ጉም ሲተኛባት ሰማይና መስኩ አይለዩም። ላሞቹ ከደመና ወጥተው ወደ ደመና ይገባሉ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በዚያ ጉም ውስጥ ፊልም ልንሠራ ተነሣን።

ሐሳቡ ውጭ አገር ቴአትር ተምሮ የተመለሰ የአንድ ወጣት መምህር ነበር። እዚያ ሳለ መድረክ ላይ አይቶ የሳቀበትን አንድ የጥንት የፈረንጅ ኮሜዲ በእኛ ሰው፣ በእኛ መስክ ሊቀርጸው ተመኘ። ጨዋታው ሴት ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡትን ሁሉ እምቢ እያለ ስለሚያባርር አባት ነው። እኔ በውሰት መጻሕፍት ግጥም የተማርኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ቃሉን ወደ አማርኛ እንድመልስለት ሰጠኝ። የአባትየውን እምቢታ በግጥም ጻፍኩት። ከሰበታ ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ እያልኩት ሳለ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጸሎት መስሏቸው አሜን አሉ።

ካሜራው የሰው ነው፤ እሑድ ማታ ይመለሳል። የፊልም ጥቅልም አንድ ብቻ ቀርቶናል። እምቢታው ካልተቀረጸ ኮሜዲው የለም።

አባት ሆነው የሚሠሩት ድርቆሽ የሚሸጡ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። ልጅ ጠያቂ እንዲሆኑ ደግሞ መምህሩ የሰፈሩን እውነተኛ ሽማግሎች ለመነ። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሎቹ ከጉሙ ብቅ ብለው ደጁ ላይ ቆሙ። “አካም ቡልተን” ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ተባባሉ። ኦቦ ጋቢያቸውን አስተካክለው “ግቡ እንጂ” አሏቸው።

“ኦቦ፣ እምቢ ይበሏቸው” አለ መምህሩ ከካሜራው ጀርባ።

“እነዚህን?”

“ጨዋታ እኮ ነው።”

“ጨዋታ መሆኑን አላጣሁትም። ይኼኛው ግን ወንድሜን ከጎረቤቱ ያስታረቀ ሰው ነው። ደሞ እኔም ያልተዳረች ልጅ አለችኝ።”

“እርግማናችን ጨዋታ አያውቅም” አለ አንደኛው ሽማግሌ። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

መምህሩ ጥቅሉን እንዳያባክን ካሜራውን ሸፈነ። እኔ ወደ ድርቆሹ ክምር ሄጄ ጋደም አልኩ። ጉሙ ሲገፈፍ፣ ሰበታ እኅቴን ሊጠይቁ ይመጡ የነበሩት ሽማግሎች በዓይኔ መጡ። አባቴ አንድም ቀን እምቢ አላላቸውም። አክብሮ ያስቀምጣቸዋል፣ ያመሰግናቸዋል፣ ከዚያ “ዘመድ ላማክር” ይላል። ዘመዱ አያልቅም ነበር። ማንም ሳይባረር እኅቴም ሳትሰጥ ዓመቱ አለፈ።

ተነሥቼ ለመምህሩ ነገርኩት።

“ግጥምህስ?” አለኝ።

“ይቅር” አልኩ። ጥርስ እንደተነቀለበት ሰው አፌ ባዶ ሆነብኝ።

እሑድ ኦቦ በደስታ ሠሩ። በመጀመሪያው አመጣጣቸው ሽማግሎቹን አስቀምጠው “ሆለታ ያለውን አጎቷን ላማክር” አሉ። በሁለተኛው አጎትየው ቡራዩ ለቅሶ ሄዶ ነበር። በሦስተኛው አጎትየው ተስማምቷል፤ ሚስቱ ግን ገና አልሰማችም። ያን ጊዜ ያ ወንድማቸውን ያስታረቀው ሽማግሌ፣ ማንም ሳያዘው፣ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ።

“እሷ እስክትሰማ ሙሽራው ሸብቶ ከእኛ ጋር ለሽማግልና ይመጣል” አለ።

ኦቦ ቀና ብለው የሆነ ነገር መለሱለት። መምህሩ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ካሜራውም አብሮት ተንቀጠቀጠ፤ ጥቅሉም እዚያው አለቀ።

ከወራት በኋላ እዚያው መስክ ላይ አንሶላ ወጥረን አሳየነው። ቤቱ፣ ሽማግሎቹ፣ ከኋላቸው ያለው ነጭ ጉም ሁሉ ውሃ ላይ እንዳለ ጥላ ሲወዛወዝ የሰፈሩ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ወደ እኔ ዞረው፣

“ምን ነበር የመለስኩለት?” አሉኝ።

ያን እሑድም አሁንም ሳቁ በዝቶ እኔም አልሰማሁትም።