ሐሙስን እንዴት እንዳተረፍኩት

የሐሙስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊወሰድብን ነበር። ያተረፍኩት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው!

ሐሙስ የምንማረው የሕይወት ክህሎት ነው። መምህራችን ከሌላ ክልል ተመድባ አሰላ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ይህን የያዘችው ሌላ ሰው እምቢ ስላለ እንደሆነ ራሷ እየሳቀች ነግራናለች። መጽሐፍ አልተሰጣትም፣ ሥልጠና አልወሰደችም። ክፍልም ስላልነበረ የምንማረው የተሰባበሩ ዴስኮች በተከመሩበት ዕቃ ቤት ነው። በሩ አይዘጋም፤ የጭላሎ ተራራ ብርድ እንደ ተማሪ አብሮን ይገባል።

እኔ ግን ያንን ዕቃ ቤት እወደዋለሁ። ቲቸር የማታውቀውን "አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ" ትላለች፤ ደግሞም ጠይቃ ትመጣለች። በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ ብንጨርስ "ቆይ፣ ይቺን ቃል አስተምሩኝ" ትላለች እንጂ አትቆጣም። እዚያ የተነገረ ነገር መምህራን ማረፊያ ደርሶ አያውቅም። ስሜ ሲጠራ "አቤት" እንኳ በሹክሹክታ የምለዋ ልጅ አፌን የፈታሁት እዚያ ነው።

አንድ ሐሙስ እንዴት እምቢ እንደሚባል ተለማመድን። እኔ የባጃጅ ሹፌር ሆንኩ፣ ጓደኛዬ ተማሪ።

"ነይ ልሸኝሽ፣ ሂሳብ አልቀበልሽም!" አልኳት ድምፄን አጎርንኜ።

"አልፈልግም። መብቴ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉደኛዋ ይቺኑ ይዛ ቤቷ ገባች። እንግዶች ለምሳ ተቀምጠው አጎቷ "ነይ፣ እጅ አስታጥቢ" ሲሏት፣ "አልፈልግም። መብቴ ነው!" አትልም? እንግዶቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

አጎቷ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴ አባል ናቸው። ተናደው ከሰሱ፤ ዳይሬክተሩ ወላጆችን አዳራሽ ሰበሰቡ። ሐሙስ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጥ ተባለ። ቲቸር ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ አንድም ባልደረባ አልደገፋት። እኛ ወንበር ስናመላልስ ቆይተን ከኋላ ቆመናል።

እጄን አወጣሁ።

"አንቺ፣ እጅሽን አውርጂ!" አለኝ አባቴ ከፊት ዞሮ።

"አባዬ፣ ይቅርታ፣ አላወርድም። ትንሽ ልናገር።"

 ወደ ጓደኛዬ አጎት ዞርኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎን እምቢ ማለቷ ልክ አልነበረም። ግን ቲቸር እምቢ እንዴት እንደሚባል ነው ያስተማረችን፤ ለማን እንደሚባል የሚቀጥለው ሐሙስ ትምህርት ነበር። አሁን ከወሰዳችሁብን ግማሹን ብቻ እንደተማርን እንቀራለን። እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ..."

ሳቁ አላስጨረሰኝም። አጎቷም እየሳቁ ተነሡ። "ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ እንዲህ ከሆነማ ሙሉውን ይማሩ! እኔ ገና ብዙ ምሳ እጠራለሁ።"

"ሐሙስ ባለበት ይቀጥል" አሉ ዳይሬክተሩ።

በዚህ አላበቃሁም። "በሩም ይሠራልን። በር ክፍት ሆኖ ሰው የልቡን አያወራም።"

አጎቷ አናጺ ናቸው። "በሩን ለእኔ ተዉት" አሉ።

ስንወጣ አባቴ ጎረቤታችንን "ሰማሃት አይደል?" ሲለው ጆሮዬ ገባ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አጎቷ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። በሩን ሠርተው ሲጨርሱ ጓደኛዬ ሳትጠራ በጆግ ውሃ ይዛ መጣችና እጃቸውን አስታጠበቻቸው።

"ዛሬስ ምን ተገኘ?" አሏት።

"መብቴ ነው" አለቻቸው።

ቲቸር ስቃ ስታበቃ በሩን ዘጋችው።