ጅራታም ኮከብ የሚጠብቁት አባባ

ተረኛዋ ነርስ ጎህ ሳይቀድ በሆስፒታሉ ሰገነት ላይ ያገኘቻቸው ሽማግሌ፣ በበሽተኛ ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ነበር። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈውታል።

«አባባ፣ ብርድ ይመታዎታል! ይግቡ እንጂ።»

«ጅራታም ኮከብ እየጠበቅኩ ነው፣ ልጄ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛን ደመና ሸፈነን፤ ሴት ልጄ ያለችበት አገር ግን ሰማዩ ጠርቷል። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ተኳርፈን ነበር። ዛሬ ‹አባዬ፣ ኮከቡን እየው› ብላ ደወለችልኝ። ይኸው እያየች ትነግረኛለች።»

ነርሷ ብርድ ልብስ አምጥታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸውና አጠገባቸው ቆመች። ከስልኩ የሚሾልከው የሴት ድምፅ ከኮከቡ ተነሥቶ ወደ ልጅነት ቤቷ፣ ወደ እናቷ ሳቅ አምርቷል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው «እህ… እሺ፣ የኔ እናት» ይላሉ።

ድንገት ደመናው ተሰነጠቀ። ነርሷ ነጩን ጭራ አይታ እጅጌያቸውን ሳበቻቸው።

«አባባ፣ ያውልዎት! ወጣ!»

ቀና ብለው አዩት፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኟት።

«ኧረ እኔ ጋስ ድፍን እንዳለ ነው» አሉ በስልኩ። «አንቺው ንገሪኝ።»