ከወንበሩ በላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ነጋዴው ባዶ ጆንያ ከጋሪ እያወረደ አጥሬ ሥር ሲከምር ዝናብ ያዘው። የረጠበው ጆንያ ሲሸተኝ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ሽታው ግን ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ጋምቤላ ስድስተኛ ክፍል ስማር የትምህርት ቤታችን የቴአትር መጋረጃ እንዲሁ ይሸት ነበር። ባሮ ዳር ካለው የቡና መጋዘን የተጣለ ጆንያ ለቅሞ መጋረጃውን የሰፋው ኡጁሉ ነው።

ኡጁሉ ከኢታንግ የመጣ አኙዋክ፣ አዳሪ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አልወደውም ነበር፤ እሱም አይወደኝም። የቴአትር ክበቡ አባላት አብዛኞቻችን ከደጋ የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆች ነበርን፤ «አማርኛው ሰው ያስቃል» ብለን ሚና ከለከልነው። «እንግዲያው አዘጋጅ እሆናለሁ» አለ። ጣጣውን የሚፈልግ ሌላ ሰው ስላልነበረ ተውንለት።

ተጸጸትን። የምናሳያቸውን ሦስት አጫጭር ቴአትሮች ቃል በቃል አጠናቸው። አንዲት ቃል የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ በአንደኛው ቴአትር የሙሽራዋ እናት ነበርኩ፤ የምናገረው አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለው የማንጎ ዛፍ ሥር ያቆመኝና እሱ ሰንደቅ ዓላማው ድረስ ሄዶ «አልሰማሁም!» ይላል። ደግሜ እላለሁ። «አልሰማሁም!» አንድ ቀን ጓደኞቼ ፊት «ፊትሽ የተዘጋ በር ነው፤ ድምፅሽ እንኳ ይውጣ» አለኝ። ሳቁብኝ። ያን ሳቅ አልረሳሁለትም።

የዝግጅቱ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የምግብ አዳራሹ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ግሏል። ጠረጴዛዎቹን ገጥመን መድረክ ሠርተናል፤ መጋረጃው ተወጥሯል፤ ኡጁሉ የእያንዳንዳችንን መቆሚያ በጠመኔ ያሰምራል። ቴአትሩ የሚታየው ማታ ስለሆነ የቀረው መብራቱ፣ ማሾው ብቻ ነበር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ታፈሰ ሁለት ማሾ አንጠልጥለው ገቡ። ቁልፋቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚሰማ፣ ተማሪ ሁሉ ሌባ የሚመስላቸው ሰው ነበሩ። ከመድረኩ በስተጀርባ ያለውን ግድግዳ አዩና ቀጥ አሉ። የጃንሆይ ፎቶግራፍ እዚያ ነበር የተሰቀለው።

«እናንተ! ፊታችሁን ለሕዝቡ ስታዞሩ ጀርባችሁን ለማን ልትሰጡ ነው?»

አንዳችንም አላሰብነውም ነበር።

«እናውርደው?» አለ ኡጁሉ።

«ማን ነው የሚያወርዳቸው? አንተ?»

«እንሸፍነው?»

«ጆንያ ልታለብሳቸው!»

«መድረኩን ወደ በሩ እናዙረው።»

«ያን ጊዜስ የተጋበዙት ሹማምንት ጀርባ ሊሰጡ ነው? ወግድ!» ብለው ማሾዎቹን እንደያዙ ወደ በሩ ዞሩ።

ያለ ማሾ ቴአትር የለም። እንግዶቹ ተጠርተዋል። የኡጁሉ ጣት ላይ የመርፌው ቁስል ገና አልደረቀም። ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ፦

«ጋሽ ታፈሰ፣ ቢሮዎ ውስጥ ፎቶግራፉ የት ነው የተሰቀለው?»

«ከወንበሬ በላይ ነዋ!»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ጀርባዎን ለማን ሰጥተው ነው የሚውሉት?»

አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ነበርኩ። አቶ ታፈሰ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ማሾዎቹን መሬት ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ቴአትሩ ታየ። አራቱን ዓረፍተ ነገር ሳልዘል ተናገርኩ፤ ሹማምንቱ አጨበጨቡ። ኡጁሉ አንድም ቀን ጎሽ ብሎኝ አያውቅም፤ ያን ዕለትም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አላለኝም።

ሰኞ አቶ ታፈሰ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ርእሰ መምህሩም ነበሩ። «የጨዋ ልጅ ነሽ፤ አባትሽንም አውቃቸዋለሁ። ያ ልጅ ምን ነበር ያለው?» አሉኝ አቶ ታፈሰ፣ ርእሰ መምህሩ እንዲሰሙት። አልሰማሁም ማለት እችል ነበር። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ማንጎው ሥር እንዳስተማረኝ ድምፄን አውጥቼ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል ተናገርኩ። ፎቶግራፉ በእርግጥም ከወንበራቸው በላይ ነበር።

በሳምንቱ ኡጁሉ ከአዳሪ ቤት ተባረረ። የእንጨት ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ወንዙ መንገድ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። ሣጥኑን አላወረደም።

«አንድም ቃል አልጣልሽም አሉ» አለኝ። «ሩቅ ድረስ ተሰማሽ።»

ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ እንደሆነ፣ ኢታንግ ደርሶ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ከአለቃዬ ወንበር በላይ ያለው ፎቶግራፍ ሲለወጥ፣ እንደገናም ሲለወጥ አይቻለሁ። ጡረታ እስክወጣ ደብዳቤ ለማስፈረም ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ከአለቃው ጀርባ ነበር። በስብሰባ ላይ አንድ ሰው «እገሌ ምን ነበር ያለው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ድምፄ አይወጣም ነበር። ለዓመታት «ጮክ በይ እንጂ፣ አልሰማንሽም» ሲሉኝ ኖሩ።