ከእማማ ጓሮ የሌሉ ስሞች

መምህር ሆኜ ጂንካ ተመድቤ ስመጣ መጀመሪያ የተከራየሁት የአንዲት የአሪ እናት ቤት ነው። እማማ እላቸው ነበር። ጓሯቸው እንሰት ብቻ ነው። እኔ ከእንሰት አገር ስላልመጣሁ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቅጠሉን ዳበስ አድርገው ይለዩታል፤ ይኼ ለወለደች ሴት፣ ያኛው ለተሰበረ አጥንት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጓሮ እያለፍኩ ሽንት ቤት ሄጃለሁ፤ አንድ ቀን ቆም ብዬ «ይኼስ ማን ይባላል?» አላልኳቸውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኔ ቢጤው ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ርዕስ ሲጠፋኝ «የአሪ የእንሰት ዓይነቶችና ጥቅማቸው» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ነገር አያበዙም፤ «ሪፈረንስ የሌለው ነገር ይዘህ እንዳትመጣ» ብቻ አሉኝ። ቤተ መጻሕፍት ብገባ ያለው ሁሉ ስለ ጤፍ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬን ይዤ ኤአይ መጠየቅ ጀመርኩ። ደቂቃ ሳይሞላ አሥራ ስምንት ስም በሰንጠረዥ አወጣልኝ፤ ጥቅማቸው፣ ያጠናቸው ሰው፣ የታተመበት ዓመት ሳይቀር። ጽሑፎቹን ብፈልግ ብፈልግ አንዱም አልተገኘም። ሰው ቢሆን እጠረጥረው ነበር። ማሽኑን ግን አመንኩት፤ በክፍያ የሚነበቡ ይሆናሉ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የቀረኝ ከባለቤቶቹ ማረጋገጥ ነበር። ሰንጠረዡን ፕሪንት አስደርጌ እማማን ጓሮ በር ላይ አስቀመጥኳቸውና አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

«ይኼ አለ እማማ?»

«አለ ልጄ።»

«ይኼኛውስ?»

«እሱም አለ።»

አሥራ ስምንቱንም አለ አሉኝ። መሐል ላይ ብቻ ወረቀቱን አየት አድርገው «ይኼን የጻፈው መንግሥት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለዩኒቨርሲቲ ነው እማማ።»

«እንግዲያ አለ» አሉ። ቸኩዬ ስለነበር ከስሙ ጎን ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ጽሑፉ በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ኢንተርኔት ላይም ተጫነ። ከዓመት በኋላ ከቱርሚ የመጣ ተማሪዬ ለቤት ሥራው ያንኑ ጥያቄ ኤአይ ጠይቆ መልሱን አሳየኝ። ስሞቹ ተደርድረዋል፤ ከሥር ምንጭ ተብዬ የተጠቀስኩት እኔ ነኝ። ይኼኛው ምንጭ ተፈልጎ የሚገኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ፤ ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት።

በዚያው ወር እማማ ሞቱ። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ሲዘምሩ ልጃቸው ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ላጽናናት ብዬ «የእናትሽ እውቀት ከእሳቸው ጋር አልተቀበረም፤ አሥራ ስምንቱንም ስም ጽፌዋለሁ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ እነዚያ ስሞች እኮ የሉም። ያን ቀን ወጥ ቤት ሆኜ እሰማችሁ ነበር። አንተ ስትወጣ ‹የሌለውን ለምን አለ አልሽው?› ብላት፣ ‹ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ፊት ለፊት የለም አይባልም፤ ያፍራል። ሲገባው ባዶ እጁን መጥቶ ይጠይቀኛል› አለችኝ። ትጠብቅህ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እንደጠላሁ ነው። ማሽኑ ዋሸኝ ብዬ መገላገል አልችልም፤ እሱ የእማማን ደጅ አያውቀውም። ውሸቱን ቤታቸው ድረስ ተሸክሜ ሄጄ በእሳቸው አፍ ያስመሰከርኩት እኔ ነኝ። ጽሑፌ ይሰረዝልኝ ብዬ ባመለክት እንኳ በቦታው የማስገባው የለኝም።

ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ግን ገና ተስፋ ነበረኝ። እስክሪብቶ አውጥቼ «እውነተኞቹን ንገሪኝ፤ አሁኑኑ ልጻፍ» አልኳት። ሦስት ስም ቆጠረችልኝ። አራተኛው ላይ ቆመች። ቅጠሉን ታውቀዋለች፣ ለምን እንደሚሆንም ታውቃለች፤ ስሙ ግን ጠፋባት።

«ቆይ፣ እማዬን ልጠይቃት» ብላ ብድግ አለች። የማን ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥን ትዝ ያላት ከቆመች በኋላ ነው።